የጋሼ ሽመክት ጣት

በድሬዳዋ ስለ ኢንተርኔት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ቢሆንም የሰፈሩ ሰው ፌስቡኩ ሲዘጋበት፣ ቴሌግራሙ ሲጠፋበት የሚሮጠው ወደ እኔ ወደ ሳሌም ነው። በራችን ላይ ከእናቴ ጋር ሳምቡሳ እየጠበስኩ ለስንቱ አካውንት ከፍቻለሁ። ታዲያ ይሄው ዕውቀቴ ጎረቤታችንን ከገዛ ወንበራቸው አስነሣቸው። የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ሽመክት የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ብቻቸውን ይኖራሉ። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሽርጣቸውን አገልድመው በራቸው ላይ ካለው ዛፍ ሥር፣ ከብረት ጠረጴዛቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። ከዚያ በአንድ ጣታቸው ጠረጴዛዋን ይመታሉ፤ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ዝም ይላሉ። ፈገግ ይላሉ። እንደገና ይመታሉ።

እኔ ቀረጽኳቸዋ! የጭፈራ ሙዚቃ ከሥር አስገብቼ «ከጂን ጋር ቻት የሚያደርጉ ሽማግሌ» ብዬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። በማግስቱ አርባ ሺህ ሰው አይቶታል።

«ወላሂ ሳሌም፣ ታዋቂ ሆንሽ!» አለች ጓደኛዬ ዓኒሳ።

እናቴ ግን ጭልፋውን እንደያዘች፣ «አስፈቅደሻቸዋል?» አለችኝ።

«እማዬ ደግሞ! ምን ጎደላቸው? ሰው ሳቀ እንጂ ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም። ጋሼ ሽመክት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ግን ልጆች ከኋላቸው የሱቅ ቆርቆሮ እየመቱ «ጂኑ ምን አለ?» ይሏቸው ጀመር። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አሳያቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዛፉ ሥር አልተቀመጡም። ጠረጴዛዋ ላይ ቅጠል ሞላባት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ ጠቅታውን ይጠብቃል፤ የለም።

በስምንተኛው ቀን እናቴ ሳምቡሳ በሳህን አስያዘችኝና «ሂጂ፣ ያደረግሽውን እዪው» ብላ ላከችኝ።

ጋሼ በዚያ ሁሉ ሙቀት በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ቁጭ በይ ልጄ፣ ላብሽን አድርቂ» አሉኝ። ይሄ ከስድብ ባሰብኝ። ለመሆኑ ጠረጴዛዋ ላይ ምን እንደሚመቱ ጠየቅኳቸው።

«ቴሌግራም ታውቂያለሽ?»

«እንዴ ጋሼ! ለሰፈሩ ሁሉ የምከፍተው እኔ አይደለሁ?»

«የእኔው በሽቦ ነበር። ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ በአጭርና በረጅም ምት ፊደል እልክ ነበር። ባለቤቴ የሺመቤት የአፍደም ጣቢያ ኃላፊ ልጅ ነበረች። ከአባቷ ተምራ፣ እሳቸው ሲደክማቸው መስመሩን ትይዛለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እናወራለን። ስምንት ወር ሳንተያይ አወራን።»

«ፎቶ እንኳ ሳያዩ? እኔ ብሆን ብሎክ ነበር የማደርግዎ!»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። በዚያችው ሰዓት ስሟን እመታለሁ። እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ፣ እብድ አይደለሁም። አሁን ግን ጣቴን ሳነሣ የልጆቹ ሳቅ ይመጣብኛል። ተውኩት።»

ሳህኑን አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

«ሃያ ዓመት የሰው መርዶ፣ የሰው ሰርግ በዚህ ጣት አልፏል» አሉ ጣታቸውን እያዩ። «አንዱንም ለሰፈር አላወራሁም። ሽቦው የኩባንያው ነበር፤ መልእክቱ ግን የባለቤቱ ነው።»

እዚያው ቪዲዮውን አጠፋሁት። ለካ አሥራ ሦስት ሰው አውርዶ በየገጹ ለቆታል! ለእያንዳንዳቸው አንሡት ብዬ ጻፍኩ። አራቱ አነሡት፤ አንዱ ሰደበኝ፤ የቀሩት መልስም አልሰጡኝ። እናንተ ስልክ የያዛችሁ ሁሉ፣ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ። ያስቃል ያላችሁት የሰው ሐዘን ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ከለቀቃችሁት ደግሞ ልመልሰው ብትሉ አይመለስም።

በማግስቱ ጠረጴዛዋን ጠራርጌ ወንበራቸውን ዛፉ ሥር አወጣሁ። ዓኒሳንም ጎትቼ አመጣኋት፤ ቆርቆሮ መቺዎቹን በኦሮምኛም በሶማሊኛም ስድቡን ስታወርድባቸው እግሬ አውጪኝ አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ብቅ አሉ። ተቀመጡ። ጣታቸው ጠረጴዛዋ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ ጠቅ።

ደስታዬን መቻል አቃተኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ቪዲዮ ልሠራ ነው! እያለቀስኩ! ይሄኛውን መቶ ሺህ ሰው ነው የሚያየው፣ ያያሉ!»

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ እዚህ ፊትሽ ተቀምጫለሁ፤ እስካሁን አንዴም ይቅርታ አላልሽኝም። ስልኩን ምን በድለሽው ነው?»