ታንኳ የነበረው ቁም ሳጥን

ያን ቀን የወረደውን ዝናብ ብሎ መጥራት ዝናብን መስደብ ነው። ሰማዩ ራሱ ተተርትሮ ወረደ ቢባል ይቀላል። ወንዙ ከመኝታው ተነስቶ ሜዳ ለሜዳ ሲጋልብ ዛፎች ከነሥራቸው፣ ድልድዮች ከነብረታቸው ተከትለውት ይሄዱ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን አናጢው ጣውላ ሊመርጥ ላይኛው መጋዝ ቤት ወጥቷል። ሚስቱና አማቱ ደግሞ ታች ወንዙ ዳር ባለው ቤት ውስጥ ናቸው። መንገዱ ተቆርጧል። መሻገሪያው ላይ የተረፈችው ታንኳ አንዲት ብቻ ስትሆን ባለቤቷም አናጢው ከፀሐይ በታች ካሉ ፍጥረታት ሁሉ አብልጦ የሚጠላው ቀዛፊ ነበር።

ቀዛፊው የሠራው በደል የለም። በደሉ መልኩ ነው። ትከሻው በበር አያስገባውም፤ ሲቀዝፍ ላየው ወንዙ ፈርቶ መንገድ የሚለቅለት ይመስላል። በዚያ ላይ የአናጢውን ሚስት ገና ሳታገባ ጠይቋት ነበር። እሷ እምቢ ስትለው አልተቀየመም፤ ይባስ ብሎ ለሠርጓ ታንኳ ሠርቶ ሰጣት። ያልተቀየመ ተቀናቃኝ ደግሞ ከተቀየመው ይበልጥ እንቅልፍ ይነሳል።

በዚያ ወንዝ ዳር ታንኳ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። በየጣሪያው ሥር አንዳንድ ትንሽ ታንኳ በገመድ ይንጠለጠላል። በበጋ ሽንኩርት ይቀመጥበታል፤ ወንዙ የሞላ ዕለት ገመዱ ይፈታና ቤተሰቡ ተሳፍሮ ኮረብታው ላይ ይወጣል። አናጢው ግን በጀርባው በተጋደመ ቁጥር ዓይኑ የሚያርፈው የዚያ ሰው እጅ በላገው ጣውላ ላይ ሆነበት። ገና እንደተኛ ያ ሰው ከላይ የሚያየው እየመሰለው ይገላበጣል። አንድ ቀን ሚስቱ ገበያ ስትሄድ መጋዙን አነሳና ታንኳዋን ቁም ሳጥን አደረጋት። ቅናት መቼም እጅ አያበላሽም፤ ከንዴቱ ብዛት መገጣጠሚያውን ሁሉ ሙጫ አጠጥቶት ጉንዳን እንኳ መግቢያ አጣበት።

ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ቁም ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ጎበዝ፤ እንግዲህ የቀረህ በቀሚሴ መቅናት ነው» ብላው ልብሷን ሰቀለችበት።

አሁን መሻገሪያው ላይ ቀዛፊው ገመድ እየፈታ፣ «ግባ እንጂ፤ ምን ትገተራለህ?» አለው።

«ታንኳህን ስጠኝና ብቻዬን ልሂድ።»

«አንተን እኮ የመታጠቢያ ሳፋም ያሰምጥሃል።»

«ሄደህ አምጣልኝ» ብሎ መቅረትም ይቻል ነበር። ግን ሚስቱ ከጣሪያ ላይ በዚያ ሰው ክንድ ላይ ስትወርድ በዓይኑ ዞረበት። የመሣሪያ ሳጥኑን እንዳቀፈ ዘሎ ገባ።

ነፋሱ መጀመሪያ ኮፍያውን፣ ቀጥሎ እስትንፋሱን ወሰደበት። ሞገዱ ቤት ያህላል፤ ቤት ብቻ አይደለም፣ ፎቅ። ያላመነ ወንዙን ሄዶ ይጠይቅ። አናጢው በጣሳ ውሃ እየጨለፈ ይደፋል፤ ቀዛፊው ያፏጫል። የረጠበው ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ጡንቻውን አንድ በአንድ ያሳያል።

«ሸሚዝህን ቆልፍ» አለ አናጢው።

«እዚህ ማን ሊያየኝ?»

«ስንደርስ ነው የምልህ።»

ውሃ የዋጠው ጫካ ውስጥ ሲገቡ እባቦች ከየቅርንጫፉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠልጥለው ጠበቋቸው። ጎንበስ ብለው አለፉ። ቀና ሲሉ ከፊታቸው አንድ ደሴት ብቅ አለ፤ ደሴቱ ዓይን ነበረው። ያ አዞ አፉን ሲከፍት አንድ መንደር ሙሉ ከዝናብ ያስጠልላል። ቀዛፊው በመቅዘፊያው መታው፤ አዞው መቅዘፊያውን እንደ ሸንኮራ ቆረጠመው። ይሄኔ አናጢው የመሣሪያ ሳጥኑን ከነመዶሻው፣ ከነሚስማሩ አንስቶ ጉሮሮው ውስጥ ሰነቀረለት። አዞው ሳጥኑን እንደነከሰ ወደ ታች ሰጠመ፤ ከዚያ ወዲህ አናጢነት ጀምሯል የሚሉም አሉ።

«አወራወርህስ ቆንጆ ነበር» አለ ቀዛፊው ትርፉን መቅዘፊያ እያወጣ። «ለሷ እነግርልሃለሁ።»

«አፍ አለኝ። ራሴ እነግራታለሁ።»

ከጫካው እንደወጡ ወንዙ ለሁለት ተከፈለ። በግራ በኩል ሜዳውን ዞሮ የሚሄደው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ግን እስኪያደርስ ይመሻል። በቀኝ ያለው ሰዉ «ጉሮሮ» የሚለው፣ በሁለት ገደሎች መካከል የሚያጓራው ጠባብ መንገድ ነው። ያደርሳል፤ ከደረሰ። ቀዛፊው የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ግራ አዞረ።

«በጉሮሮው እንሂድ» አለ አናጢው።

«አብደሃል እንዴ? ምን አስቸኮለህ? እሷ እንደሆነች ታንኳ አለቻት። በእጄ ነው የሠራኋት፤ ድንጋይ ቢጭኑባት አትሰምጥም። ይሄኔ እናትየውን ይዛ ኮረብታው ላይ ልብሷን እያሰጣች ነው።»

የአናጢው ምላስ ደረቀ፤ በዚያ ሁሉ ውሃ መሀል። ዝም ቢል ቤቱ ውስጥ ውሃው ከጉልበቷ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ አንገቷ ይወጣል። ቢናገር ይሄ ሰው፣ ከሰው ሁሉ ይሄ ሰው፣ ስንት ሌሊት በሱ ምክንያት ሲገላበጥ እንዳደረ ያውቅበታል። ታንኳዋ በግራው ውሃ ላይ መንሸራተት ጀመረች።

«ታንኳ የላትም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ቆርጬ ቁም ሳጥን አድርጌዋለሁ።»

መቅዘፊያው አየር ላይ ቀረ። «ምን በድላህ?»

«አንተ ሠራሃታ።»

ቀዛፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን ከደነ። የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው።

«ጣሳህን ያዝ» አለ። «ከተረፍን አንድ ቡጢ አለህ። አሁን እጄ አልተመቸም።»

«አልቃወምም።»

ጉሮሮው ዋጣቸው። ውሃው ከገደል ገደል እየወረወረ አላጋቸው፤ ሰማይ ከሥር፣ ወንዝ ከላይ ሆነ። አንድ ቋጥኝ በጎናቸው ሲመጣባቸው አናጢው ጀርባውን ለድንጋዩ፣ እግሮቹን ለታንኳዋ ሰጥቶ ገፋ። ቆዳው ተላጠ፤ ታንኳዋ ጎኗ ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረችም። በመጨረሻ ወንዙ እንደማይጥም ነገር ተፋቸው።

ከቤቱ የቀረው የጣሪያው አናት ብቻ ነበር። ሰው የለበትም። አናጢው ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ቀዛፊው ፊቱን አዞረለት።

ከጓሮው ትልቅ ዛፍ ጀርባ ግን አንድ ነገር እየዋለለ መጣ። በጀርባው የተጋደመ፣ በሮቹ የተነቀሉ ቁም ሳጥን ነው። አማቱ ልብስ መሀል ተቀምጠው፣ ዶሮ አቅፈው፣ ዣንጥላ ዘርግተዋል። ሚስቱ በመደርደሪያው ጣውላ ትቀዝፋለች።

አማቱ ሁለቱን ወንዶች በአንድ ታንኳ ሲያዩ፣ «ዓለም ሊያልፍ ነው ለካ። እኔ ጎርፍ ብቻ መስሎኝ» አሉ።

«መጣህ?» አለችው ሚስቱ መቅዘፏን ሳታቆም። «ጀርባው ውሃ ማስገባት ጀምሯል። ከዚህ በላይ አይሸከመንም።»

ቀዛፊው ቁም ሳጥኑን እየደባበሰ፣ «ጣውላው የኔ ነው» አለ።

«ሙጫው የኔ ነው» አለ አናጢው፤ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። የተሰነጠቀችው ታንኳ ከቀዛፊው ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትችለው። ቀዛፊውም ያንኑ አስልቶ፣ የአናጢውንም ዓይን አይቶ ኖሮ፣ «እማማን ላስቀድምና ባልና ሚስት ጣሪያው ላይ ጠብቁኝ» አለ።

አናጢው ጣሪያውን አየ። ውሃው ቆርቆሮውን እየላሰ ነው። ሁለት ሰው ከያዘ መፍረሱ ነው። አማቱን ከነዶሯቸው አሻገረ። ከዚያ ሚስቱን በገዛ ክንዱ አንስቶ ከቀዛፊው አጠገብ አስቀመጣት።

«አጥብቀህ ያዛት» አለ። «ታንኳዋ ትናወጣለች።»

ቁም ሳጥኑን በቀሚስ እጅጌ ከጣሪያው ጋር አስሮ፣ በጣሪያው አናት ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጦ ሲሄዱ አየ። ቅናቱ ሞተ ያለ ዋሽቷል። የቀዛፊው ትከሻ ሲወዛወዝ፣ የሷ ራስ ከጎኑ ሲያንስ እያየ፣ ቅናቱ ከአዞው ገዝፎ ጣሪያው ላይ አብሮት ተቀመጠ። እሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም፤ አልጠራቸውምም። ወንዙን ሊያጋምሱ ሲሉ ብቻ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤

«ሸሚዝህን ቆልፍ።»

ቀዛፊው ሁለት እጁ መቅዘፊያ ይዟል። አማቱ ዶሮዋን ለልጃቸው አቀበሉና ጎንበስ ብለው እስከ አንገቱ ቆለፉለት። የሚስቱ ሳቅ በውሃው ላይ እየዘለለ ጣሪያው ድረስ መጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀዛፊው ብቻውን ተመለሰ። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነውና መጀመሪያ ቡጢውን አሳረፈ፤ ቀጥሎ እጁን ዘረጋ። አናጢው አገጩን እያሸ ገባ። ቁም ሳጥኑን ያሰረበትን እጅጌ ግን አልለቀቀም።

«ምን ሊያደርግልህ ትጎትተዋለህ?»

«መልሼ ታንኳ ላደርገው ነው» አለ አናጢው። «አሠራሩን ታሳየኛለህ።»