ያጠሩት ልጆች

ልጅቷ በክሊኒኩ ማረፊያ ክፍል «ትንሽ ልረፍ» ብላ ጋደም እንዳለች ቀረች። ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

መርማሪዋ አጠገቧ ቆመች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ሳትበሳ አትለቅም። የልጅቷ ቀበቶ በምስማር ተበስቶ ተበስቶ ጠቧል፤ ሱሪዋ ግን አሁንም ወገቧ ላይ ይዋልላል። እግሯ የአልጋውን ጫፍ አልፏል።

«ይቺ ናት ወፍራም ተብላ መድኃኒት ስትወስድ የነበረችው?» አለች መርፌ።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥናታችን ከልክ በላይ በወፈሩ ወጣቶች ላይ ነው። ክኒኑ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ተሳታፊ የምንመርጠው ክብደትን ከቁመት ጋር አይተን ነው። እሷ ኪሎዋ ብዙም አልነበረም፤ ግን አጭር ናት። ለቁመቷ በዛባት።»

«አጭር?»

«አብዛኞቹ ተሳታፊዎቻችን ለዕድሜያቸው አጫጭር ናቸው። የሞቱን ነገር ከፈለጉ እናቷን ይጠይቁ። ቶሎ ትቅጠንልኝ ብላ ምግብ ከልክላታለች። አሁን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሌሎቹ ክኒናቸውን የሚወስዱበት ሰዓት ደርሷል።»

«እኔ ሳልፈቅድ ማንም ምንም አይውጥም» አለች መርፌ።

ኮሪደሩ ላይ ልጆቹ የውኃ ብርጭቆ ይዘው ተደርድረዋል። የተቀመጡት ጉልበታቸው መተላለፊያውን ዘግቷል፤ የቆሙት የሱሪያቸው ጫፍ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀርቷል። መርፌ አንድ በአንድ አየቻቸው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ አጫጭሮቹ።

እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ምግብ ከልክለሻታል ይላሉ፣ እህቴ።»

«እኔ? ተንበርክኬ ነው ብዪልኝ ያልኳት። እዚህ መጥቼ ዶክተሩን ልጄ አለቀችብኝ ስለው፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብሎ መለሰኝ። እያጎረስኩ አሳድጌያት፣ አሁን በረሃብ ገደልሻት ልባል?»

መርፌ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ መለኪያው ክፍል ገባች። አንዲት ወጣት ነርስ እጇን ታፍተለትላለች።

«ልጆቹን የምትለኪው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ። የማየውን ነው የምጽፈው፤ ሌላ አላውቅም።»

«ተሳታፊ ቶሎ ሞላላችሁ?»

«መጀመሪያማ የሚመጡት ሁሉ መስፈርቱን አያሟሉም ነበር፤ ዶክተር ሊያብድ ደርሶ ነበር። ክፍሉ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ጎረፉ። የእህቱን ልጅ እንኳ አስመዝግቧት ነበር።»

«የታለች?»

«ቁመቷን ስነግረው ሳቀብኝ። አታውቂም ብሎ ራሱ መጥቶ ለካት። በማግስቱ ከጥናቱ አስወጣት።»

መርፌ ጫማዋን አወለቀች። «በይ እስቲ እኔን ለኪኝ።»

«መቶ ሃምሳ ሰባት።»

«ፖሊስ ስቀጠር መቶ ስልሳ አምስት ነበርኩ። እርጅና ይጎትታል ቢሉኝም እንዲህ ባንዴ አልመሰለኝም።»

ነርሷ ሳቅ አለች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። መርፌ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሜትር ከሥሩ አየችው። ተነሥታ ዶክተሩንም እናትየውንም አስጠራች።

«ክፍሉ ሲቀባ ሜትሩ ተነቀለ» አለች ሁሉም ሲሰበሰቡ። «ቀቢዎቹ ሲመልሱት ጫፉን ወለሉ ላይ አላሳረፉትም። ከግድግዳው ግርጌ በሚዞረው እንጨት፣ በዞኮሎው ራስ ላይ አቆሙት። ቀጥ ብሎ ስለተሰቀለ ማንም ልብ አይለውም። ዞኮሎው አራት ጣት ይሆናል፤ ስለዚህ እዚህ የቆመ ሁሉ በአራት ጣት ያጥራል። ቁመቱ ሲያጥር ያው ኪሎ ይበዛበታል፤ ጤነኛው ልጅ ወፍራም ይባላል። ረሃቡን የሚዘጋ ክኒን ይሰጠዋል። ይቺ ልጅ የሚቀነስ ነገር አልነበራትም፤ ሰውነቷ አለቀና ልቧ ቆመ።»

«ታዲያ የቀቢ ስሕተት ነዋ» አለ ዶክተሩ። «እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ቀቢዎቹ አላወቁም። ነርሷም አላወቀችም። አንተ ግን አወቅህ።»

መርፌ ወደ ዶክተሩ ተጠጋች።

«የእህትህን ልጅ ቁመት ታውቀዋለህ። ቁጥሩን አላመንክም፤ መጥተህ ለካህ፤ ያየሁትን አየህ። ከዚያ የራስህን ዘመድ አወጣህና የሰውን ልጆች ተውካቸው። ሜትሩን ለማውረድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብህ ነበር?»

ዶክተሩ ግድግዳውን ደገፍ አለ። «ቢስተካከል ግማሾቹ ይወጣሉ። ጥናቱ ይዘጋል። ይህን ጥናት... ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነው።»

«የእህትህ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች እናትየው።

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ።

«ጠየቅሁህ እኮ።»

«ዐሥራ ስድስት» አለ፣ ቀና ሳይል።

ፖሊሶች ሲወስዱት እናትየው ዞራ አላየችውም። እግሯን እየጎተተች ኮሪደሩ ላይ ወጣችና ብርጭቆዎቹን ከልጆቹ እጅ እየተቀበለች መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው።

«ተነሡ፣ ቤታችሁ ግቡ» አለቻቸው።

አንዲት ቀጭን ልጅ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀረች። «እኔ ወፍራም አይደለሁም ማለት ነው?»

እናትየው ብርጭቆውን ቀስ ብላ ከእጇ አወጣች።

«እያደግሽ ነው፣ ልጄ። ሂጂ፣ ምሳሽን ብዪ።»