የኮርቻው ጭቃ

ኤባ የሞተው መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ ነው።

ከቀራንዮ በስተምዕራብ ያለው ጨፌ ለወፎች ከተከለለ ወዲህ፣ ዙሪያውን የሚዞረው ሜዳማ አስፋልት ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ተፈቅዷል። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ፤ ከሰንሰለቱ አጠገብ ደግሞ ጥበቃው አቶ ደግፌ አሉ። አቀበት የለም፣ ቁልቁለት የለም፣ ክላክስ የሚባል ነገር አይሰማም። የአየር ጤና ሰፈር ብስክሌተኞች «እዚህ ሰው የሚሞተው በእርጅና ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን የሃያ አራት ዓመቱ ኤባ አንገቱ ተሰብሮ፣ የጨፌው ፊላ ሣር ዳር ተጋድሞ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ዋጋነሽ ሬሳ ከማየቷ በፊት መንገድ የማየት ልማድ አላት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን አምናበት የምትኖር ሴት ናት። መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ የውሃ ቱቦ በሲሚንቶ ተሸፍኖ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። ከእሱ ሁለት እርምጃ አልፎ አስፋልቱ ላይ ሁለት አዲስ ጭረቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚያ ጭቃው ነው፤ ሌሊት የዘነበው ገና አልደረቀም። ብስክሌቱ በግራ ጎኑ ተኝቷል። የፊት ጎማውን ነካካችው፤ ጥብቅ ብሎ ቦታው ላይ ነው።

የሟች ታላቅ ወንድም ቦሩ የኤባን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱም ብስክሌተኛ ነው።

«መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ከኋላው ነበርኩ። ኩርባውን ስዞር ወድቆ አየሁት።»

«ሌላ የነካኸው ነገር አለ?»

«ምን ልንካ? ወንድሜ እኮ ነው!» አለና በድንገት በጣቱ ወደ በሩ ጠቆመ። «መካኒኩ ነገሬ ነው የገደለው! ትናንት ሲጠግንለት ጎማውን ሳያጠብቅ ነው የሰጠው!»

ፖሊሶቹ ይህን ቀድመው ሰምተው ነበርና ጋሽ ነገሬን በካቴና አስረዋቸዋል። ስድሳ ዓመት የሞላቸው የአየር ጤና መካኒክ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ልጆቹን ተከትለው መጥተው በሩ ላይ መሣሪያቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ዋጋነሽ ወደ ብስክሌቱ አስመጣቻቸው።

«ይሄን ልጅ እንደ ልጄ ነው ያየሁት» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ ሰው አልወደቀም። ገዳይ ተብዬ ከታሰርኩ ነገ ማን ብስክሌቱን አምኖ ይሰጠኛል?»

«መጀመሪያ ይህን ይዩልኝና ይንገሩኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩ፤ ወዲያው ቀና አሉ። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም! የጎማው ማጥበቂያ በቀኝ በኩል ነው። እኔ ሁልጊዜ በግራ ነው የማስረው። ደግሞ ይሄ ጭቃ ኮርቻው ላይ ምን ይሠራል?»

ዋጋነሽም የቸገራት እሱው ነበር። ብስክሌቱ የወደቀው በጎኑ ነው፤ ጭቃው ያለው ግን ኮርቻው አናት ላይ ነው። የኤባ ሱሪ መቀመጫ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ልብስ ንጹሕ ነው።

ሌሊሴ ሰንሰለቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የኤባ እጮኛ ናት፤ ከወንዶቹ እኩል የምትጋልብ፣ ከወንዶቹም በላይ የምትቆጣ ልጅ። አቶ ደግፌ ለኢንስፔክተሯ በጆሮዋ ነግረዋት ነበር፤ ከመነሳታቸው በፊት ሁለቱ በሩ ላይ ተጣልተዋል።

«ምን አጣላችሁ?»

«ጸሎት የምትባል ልጅ ትጽፍለታለች። ስልኩ ላይ አየሁት።»

«ቀናሽ?»

«አዎ ቀናሁ! ለምን አልቀናም? ሌሊቱን ሙሉ አንጀቴ ሲቃጠል ነው ያደረው። ‹ብትወድቅ ደስ ይለኛል› ብዬዋለሁ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «በመጨረሻ ያልኩት ነገር ይሄ ነው፣ ኢንስፔክተር። ተናድጄ መንገዱን በተቃራኒው ዞርኩ። ቦሩ ሲጮህ ሰምቼ ነው የደረስኩት።»

«ኤባ ቱቦው ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

«ይዘላል። እኛ ቀስ ብለን ነው የምናልፈው፤ እሱ ግን የፊቱን ጎማ አንስቶ ይዘላል። ሁሉም ያውቃል።»

«ጠዋት ብስክሌቱ የት ነበር?»

«አጥሩ ላይ ተደግፎ። እኛ አቶ ደግፌ ቤት ሻይ ስንጠጣ ሁላችንም እየወጣን እየገባን ነበር።»

ዋጋነሽ ሁሉንም ጠራች። «መኪናችን ጠባብ ናት። ብስክሌቶቻችሁ ወደ ጣቢያ ይሄዳሉ። እያንዳንዳችሁ የፊት ጎማችሁን አውጡና ስጡኝ።»

ሌሊሴ ብስክሌቷን እንደቆመ በጭኗ ደግፋ፣ ጎማዋን በግራ በኩል ፈትታ አወጣች። ቦሩ እንባውን በክንዱ ጠረገ፤ ብስክሌቱን ብድግ አድርጎ ገለበጠውና በኮርቻው መሬት ላይ አቆመው።

«ኧረ ቦሩ!» ጋሽ ነገሬ ካቴናቸውን ረስተው ጮኹ። «ብስክሌት አይገለበጥም ብዬ ስንቴ ልንገርህ!»

«የልጅነት ልማድ ነው ጋሼ» አለ ቦሩ፤ ጎማውን ለፖሊሱ ሰጠ።

ሰኞ ቀብሩ ሆነ። ማታውኑ ዋጋነሽ ሳንሱሲ ወደሚገኘው የእናታቸው የወይዘሮ ኤቢሴ ቤት ለቅሶ ለመድረስ ሄደች። ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር አለች። የኤባ ሜዳሊያ ተንጠልጥሎባታል። ቀስ ብላ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ሌላ አቧራ የጠጣ ሜዳሊያ አገኘች፤ የቦሩ ነው። እናትየው የሚያጽናናቸውን ሰው ሁሉ እጁን ይዘው አንድ ነገር ይደጋግማሉ። «ልጄ ብቻውን አልሞተም። ወንድሙ አጠገቡ ነበር።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም አየር ጤና ባለው በጋሽ ነገሬ ሱቅ ሰበሰበቻቸው። አዛውንቱ በካቴና ገቡ፤ ጎረቤቶቻቸው በሩ ላይ ቆመው አዩአቸው፣ እሳቸውም ቀና ብለው አላዩም። ጣሪያው ላይ ባለው መንጠቆ የኤባ ብስክሌት ተሰቅሏል።

«በዚያ መንገድ መኪና አይገባም» አለች ዋጋነሽ። «ስለዚህ ኤባን የጣለው ብስክሌቱ ነው። አስፋልቱ ላይ ሁለት ጭረት አለ። እነዚህን ያወጡት ጎማውን የሚይዙት ሁለቱ ብረቶች ናቸው፤ ልኩን ወስደናል። ጎማው ቦታው ላይ ቢሆን ብረቶቹ መሬት አይነኩም ነበር። ጎማው ወልቋል ማለት ነው።»

«እኔ ስመጣ ግን ጎማው ቦታው ላይ ነበር» አለች ሌሊሴ።

«እኔም ስመጣ ነበር። እንግዲህ በሩ ላይ ሳላችሁ አንድ ሰው ማጥበቂያውን ከፈተው። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጎማው አይወልቅም፤ ሲዘል ግን ይወልቃል። የሚዘለው ደግሞ ኤባ ብቻ ነው። ከወደቀ በኋላ ያ ሰው ደንግጦ ጎማውን መልሶ አሰረ። ጋሽ ነገሬ ከአቶ ደግፌ ጋር በሩ ላይ ነበሩ፤ መልሰው ሊያስሩት አይችሉም።»

«እኔ ግን እችል ነበር» አለች ሌሊሴ፤ ቀስ ብላ።

«ትችዪ ነበር። አንቺ ግን ብስክሌት አትገለብጪም። ያ ሰው ገልብጦታል፤ ኮርቻው አናት ላይ ያለው ጭቃ ከዚያ የመጣ ነው። ብስክሌት ሲገለበጥ ደግሞ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ማጥበቂያውም በተሳሳተው ጎን ይታሰራል።» ወደ ቦሩ ዞረች። «የራስህም ብስክሌት ማጥበቂያ በቀኝ ነው፤ እሑድ አየሁት። አመል ያወጣል ከመሃል፣ ቦሩ። ‹ጎማውን ሳያጠብቅ ሰጠው› ያልክስ ምን አይተህ ነው? ጎማው እኮ ጥብቅ ብሎ ነበር የተገኘው። ልቅ እንደነበረ የሚያውቀው የፈታው ሰው ብቻ ነው።»

ጋሽ ነገሬ ካቴና ባሰረው እጃቸው ግድግዳ ተደገፉ። ቦሩ የተሰቀለውን ብስክሌት ቀና ብሎ አየ።

«የብሔራዊ ቡድን ምርጫው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር» አለ። «ከእኛ ክለብ የሚወሰደው አንድ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጋለብኩ፤ አሁን ‹የኤባ ወንድም› ነው ስሜ። መንዳት ያስተማርኩት እኔ። መዝለል ያስተማርኩት እኔ። ቀናሁ! በገዛ ወንድሜ ቀናሁ። ግን እንዲሞት አልነበረም። እጁ ተሰብሮ አንድ ወር ቤት እንዲቀመጥ ብቻ ነበር። ከኋላው የተከተልኩት እኮ ላነሳው ነው።»

ሌሊሴ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ዋጋነሽ ከጋሽ ነገሬ እጅ ካቴናውን ፈታች፤ ያንኑ ካቴና ቦሩ እጅ ላይ አሰረች።

«እማዬ ታውቃለች?» አለ።

«አያውቁም። ትናንት ‹ብቻውን አልሞተም፣ ወንድሙ አጠገቡ ነበር› እያሉ ነበር የሚጽናኑት።»

ቦሩ የታሰሩ እጆቹን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እባክሽ ሌላ ሰው ይንገራት።»

«አይሆንም» አለች ዋጋነሽ። «አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።»

መኪናዋ ከአየር ጤና ወጥታ በጣቢያው በኩል አልታጠፈችም። ወደ ሳንሱሲ ቀጠለች።