የነቢህ ማንኪያ

ሰው በሰው መካከል ተቀምጦ ሞቶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ሳያውቅለት እንዴት ይቀራል? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አገላበጥኩት፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም።

ኡስታዝ ነቢህ የሞተው በታኅሣሥ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። የእስክንድርያ ባሕር ተቆጥቶ ማዕበሉ አጥሩን እየዘለለ መኪናዎቹን ያጥብ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ከፎቃችን ሥር ካለው የኢዘት ጣፋጭ ቤት፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ሰው ይበላል፣ ይስቃል፤ ልጆች ኩናፋ የሚባለውን ጣፋጭ ያዝረከርካሉ። ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ ባሕሩን የሚያይ መስሏቸው ተዉት። ምን ያድርጉ፣ ሁልጊዜም የሚቀመጠው እንዲያ ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ የሕንፃው ባለቤት ሆኖ ሳለ እንደ እንግዳ በሕንፃው ጥግ የሚኖር ሰው ነበር።

መሞቱን ያወቀችው የልጅ ልጄ ሹሩቅ ናት። እናቷን ከቀበርኩ ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በኢዘት ቤት ሩዝ በወተቱንና መሀለቢያ የሚባለውን የወተት ጣፋጭ የምትሠራው እሷ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋ «አጎቴ ነቢህ፣ መሸ እኮ» ብትለው እጁ ከጠረጴዛው ወደቀ።

እያለቀሰች ገብታ ተኛች። እኔ ሽርጧን ላጥብ ብዬ ኪሱን ብፈትሽ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አገኘሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁና አነበብኩት። ባሌም በሕይወቱ ሳለ ይውጠው የነበረ የልብ መድኃኒት ነው። አንዲት ፍሬ አልቀረችበትም። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወሬው ደረጃውን ወጥቶ ደረሰኝ፤ ነቢህ በበላበት ሳህን ላይ የተፈጨ የልብ መድኃኒት ተገኝቷል፣ ሰውየው ተመርዟል። ማሸጊያውን ከዓሣ ቅርፊት ጋር ጠቅልዬ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ሰጠሁት። ማንንም አልጠየቅሁም። እሷንም አልጠየቅሁም።

ምርመራውን የያዘው ሻለቃ ረእፋት የሚባል ቀጭን ሰው ነው። የኮቱ አንድ ቁልፍ የለም፤ በቦታው የሚተክልለት ሰው እንደሌለው ያስታውቃል። ሐሙስ አመሻሽ አስከሬኑ ሳይነሣ ደርሶ ጠረጴዛውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ነበር። ቅዳሜ ተመልሶ መጣና በነቢህ ወንበር ተቀምጦ ኢዘትን አስጠራው። የነቢህ የወንድም ልጅ ወጂህም እዚያው ተራውን ይጠብቅ ነበርና የተባለውን ሁሉ ኋላ የነገረኝ እሱ ነው።

«ምን አዘዘ?» አለ ሻለቃው።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ ባሻ። ሩዝ በወተት፣ ከዚያ ቡና። ቡናውን እኔው ራሴ አፍልቼ እኔው አቀርብለታለሁ። ሃያ አምስት ዓመት በሌላ እጅ ጠጥቶ አያውቅም።»

«ስኳሩስ?»

ኢዘት ሳቅ አለ። ሆዱ የሚንቀጠቀጥ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚወደው ሳቅ አለው። «ከሦስት ሳምንት ወዲህ ያለ ስኳር ሆኗል። ሐኪም ከልክሎኝ ነው ይላል። ቡናውን እንደ ሬት እያንገሸገሸው ይጠጣል፣ ሩዙን ግን ሳህኑን ይልሳል። ሐኪምህ ሩዙን አላየውም መሰለኝ እያልኩ አበሽቀው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

«ሐሙስም ላሰው?»

«በዓይኔ በብረቱ። ማንኪያ በማንኪያ ሲበላ አይቻለሁ።»

ሻለቃው አልሳቀም። ወደ ወጂህ ዞረ። ወጂህ አርባ የሞላው፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነው።

«አንተስ ሐሙስ ለምን ጮኽክበት?»

«ሕንፃውን አፍርሰው ረጅም ፎቅ ለሚያቆሙ ሰዎች ሊሸጥ እሑድ ሊፈርም ነበራ። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ? ሐጅ ኢዘትስ ይህን ቤት የት ሊተክለው ነው? ሰው አጎቱ ላይ ስለጮኸ ገዳይ ይባላል እንዴ?»

«የሚጮኽ ሰው ብዙ ጊዜ ጮኾ ይወጣለታል። ስትነሣ ከፊቱ ምን ቀርቦ ነበር?»

«ሩዙ። ቡናው ገና አልመጣም።»

«ሲበላ አየኸው?»

«ባሻ፣ እኔ ቤቴን እያሰብኩ ሳህን ላይ?»

ከሰዓት በኋላ ሻለቃው እኛ ዘንድ ወጣ። ገና ሳይቀመጥ ሹሩቅን ጠየቃት።

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የት ነበርሽ፣ ልጄ?»

«መድኃኒት ቤት» አለች። «አጎቴ ነቢህ ቡናውን እየጠጣ ጠራኝና ባዶውን ማሸጊያ ሰጠኝ፤ ይህን አሳይተሽ ግዢልኝ ብሎ። ባቡር ጣቢያው ጋ ድረስ ሄድኩ። አልቋል፣ ነገ ነው የሚመጣው አሉኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልዬ ቆየሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ማሸጊያው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። እማማ፣ ስታጥቢው አላገኘሽውም?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ልበል? ደጁ ላይ ፖሊስ ቆሟል። አሰብ አላደረግሁም፤ ምላሴ ቀደመኝ።

«ምንም አላገኘሁም» አልኩ። በዚህም አላበቃሁም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት። «ደግሞ የምን መድኃኒት ቤት ነው? ከዘጠኝ ጀምሮ እዚሁ አብራኝ ምስር ስትለቅም ነበር።»

ሹሩቅ ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሏት ነበር። ቀጥሎ እንዳልተሳሳትኩ ገባት፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

ሻለቃው ሁለታችንንም ተራ በተራ ካየን በኋላ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ወደ ደረደርኳቸው ክዳን ያላቸው የላስቲክ ዕቃዎች አመለከተ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው፣ እማማ?»

«ሹሩቅ ከሥራ ሩዝ በወተት የምታመጣልኝ ነው። ትራፊ ነው ትለኛለች። ዕቃ መጣል አልወድም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናል። በየቀኑ ነው።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ አላመጣችም።»

«ይጣፍጣል?»

«ይጣፍጣል። ለብቻ ሲበሉት ግን አንዱ ሳህን ይበዛል።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለና ተነሣ። ሹሩቅን የማን ትራፊ እንደሆነ ጠየቃት። ዕቃዎቹን መልሳ መደርደር ያዘች። አላስጨነቃትም።

እሑድ ረፋድ ላይ ሁሉንም እኔ ቤት ሰበሰበን፤ ጣፋጭ ቤቱ ታሽጎ ነበርና። ኢዘት የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስባሐውን፣ እየቆጠረ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ወጂህ መስኮቱ ጋ። ሹሩቅ አልቀመጥም ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከትናንት ጀምሮ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው።

«አንድ ነገር ከነከነኝ» ብሎ ሻለቃው ጀመረ። «ስኳር የተከለከለ ሰው ቡናውን መራራ ጠጥቶ ሩዝ በወተቱን ሳህን እስኪልስ አይበላም። ሁላችሁም ስቃችሁበት አለፋችሁ። ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ስኳር አልከለከለውም። ታዲያ መራራ ቡና የሚጠጣ ማን ነው?»

እሱ ከደረት ኪሱ የተቆረጠ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ።

«ይህ ከነቢህ ኪስ የተገኘ ነው። የሐዘን ማስታወቂያ። ሰሚሓ የሚባሉ የመንሱራ ከተማ ሴት፤ ካረፉ ዛሬ ሃያ አራት ቀን። እህታቸውን በስልክ አገኘኋቸው። ሰሚሓ ከአርባ ዓመት በፊት ለነቢህ ታጭታ ነበር፤ አባቷ ለሌላ ዳራት። ነቢህ ከዚያ ወዲያ አላገባም። ሕንፃውን የሚሸጠውም መንሱራ ሄዶ መቃብሯ አጠገብ ለመኖር ነበር፤ ለእህትየው ነግሯታል። ሐዘንተኛ አርባው እስኪወጣ ጣፋጭ በአፉ አያዞርም፤ ቡናውም መራራ ነው። እማማ ያውቁታል።»

አዎ፣ አውቀዋለሁ። ለልጄ አርባ ቀን ጠጥቼዋለሁ። ነቢህ ጥቁር ክራቫት አስሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደረጃው ሲያልፈኝ፣ እንደምን አደርክ ብዬው ከማለፍ በቀር ምን ሆነህ ነው አላልኩትም።

ሻለቃው ቀጠለ። «የሰው ሚስት ነበረችና ለቅሶ ሊቀመጥላት አይችልም። ሰው እንዳይጠይቀው ሩዙን ማዘዙን አልተወም። ሳይነካው ግን ለሹሩቅ ይሰጣታል። ልክ ነኝ?»

«ለአያትሽ ውሰጂላት፣ ኢዘት እንዳያይሽ ይለኝ ነበር» አለች ሹሩቅ። «ካላዘዝኩ ምን ሆንክ ይሉኛል፤ ምን ሆንኩ እላቸዋለሁ? አለኝ።»

ሻለቃው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ነቢህ ሩዙን አልበላም። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ዛሬ ጠዋት ጻፈልኝ፤ ሆዱ ውስጥ ሩዝም ወተትም የለም። ሐሙስ አመሻሽ ሳህኑ ባዶ ነበር፣ ማንኪያው ግን ንጹሕ፣ በወረቀት እንደተጠቀለለ። ሩዝ በወተት በጣት አይበላም። ሐጅ ኢዘት፣ ማንኪያ በማንኪያ ሲበላ አይቻለሁ ብለኸኛል።»

«ማንኪያ ቀይሬለት ይሆናል» አለ ኢዘት።

«የተበላበት ማንኪያ ታዲያ የት አለ? ያልተበላበትን ሳህን ባዶ ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ጓዳ ወስዶ ሩዙን ደፋው፣ ዱቄቱን ነሰነሰበት፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጁ ግን ዕድሜ ልኩን የለመደውን አደረገ፤ ሳህን ሲያቀርብ ንጹሕ ማንኪያ ጠቅልሎ አብሮ አቀረበ። ይህ የባለሙያ እጅ ነው። ወጂህ አይደለም፤ ወጂህ ቤቱ ሳለ ውሃ እንኳ ሚስቱ ናት የምታቀርብለት።»

«እውነት ነው» አለ ወጂህ፣ እንዳመሰገኑት ሁሉ።

«ቀሪዎቹ ሁለት ናችሁ። ሹሩቅ ሩዙን እንደማይበላው ታውቃለች። ልትገድለው ብታስብ በማይበላው ሳህን ላይ መርዝ አታደርግም፤ የገዛ ሥራዋን በክላ ራሷን አታስይዝም። ሳህኑን የመረጠው፣ ነቢህ ሩዙን መተዉን የማያውቅ ሰው ነው። ለምን ሳህኑን? ሩዙን የሠራችው ሹሩቅ ናት፣ አጠገቡ ተቀምጦ የተጣላው ወጂህ ነው፤ ጥርጣሬው እነሱ ላይ ይወድቃል። መርዙ የነበረው ግን ቡናው ውስጥ ነው፤ የቡናውን ሲኒ የነካው አንድ እጅ ብቻ ነው። እሱን ሲኒ ደግሞ አጥበኸዋል።»

የኢዘት ጣቶች ሙስባሐው ላይ ቆሙ።

«ኪኒኑስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ጣቢያው ጋ ያለው ባለመድኃኒት ቤት ሹሩቅን ያስታውሳታል። ባዶውን ማሸጊያ ስታሳየው ገርሞታል፤ ከስድስት ቀን በፊት ለነቢህ የወር ሸጦለት ነበር። ሹሩቅ፣ ነቢህ መድኃኒቱን የት ነበር የሚያኖረው?»

«ሐጅ ኢዘት መሳቢያ ውስጥ። ቤት ከሆነ እረሳዋለሁ ይል ነበር። ሐሙስ ባዶውን ያወጣውም ከዚያው ነው።»

ኢዘት ሙስባሐውን ኪሱ ከተተ።

«ሃያ አምስት ዓመት» አለ ኢዘት በመጨረሻ። «ያን ቤት በእጄ ነው ያቆምኩት። አንድ ቀን መጣና እሸጣለሁ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም።»

«ጠይቀኸው ነበር?»

ኢዘት ከወንበሩ ተነሣ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። ወጂህም ለሚስቱ ሊነግር ተከትሎ ወረደ።

ሻለቃው ኮቱን እየለበሰ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ፣ ማሸጊያውን የት አደረሱት?»

«ለቆሻሻ ሰብሳቢው ሰጠሁት።»

«የልጅቷ ቃል እውነት ነበር። እርስዎ ነዎት ሐሰት ያስመሰሉት። ባለመድኃኒቱ ባያስታውሳት ኖሮ ዛሬ ይዤ የምወርደው እሷን ነበር።»

«ላድናት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ከምን?»

በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

እኔና ሹሩቅ ቀረን። ብዙ ተናገርኩ። ሾርባ ላሙቅልሽ፣ ትናንትም እህል አልቀመስሽም አልኳት። እናትሽ ስትሞት አደራ ብላኛለች፣ ሰው ሲፈራ የሚለውን አያውቅም አልኳት። ስሚኝ፣ አንድም ቀን ክፉ አስቤብሽ አላውቅም ልላት ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ሁለታችንም ጨርሼ እንደማልለው እናውቃለን።

መኝታዋ ገባች። መሳቢያ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሰማሁ። ካፖርቷን ለብሳ፣ የእናቷን ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወጣች። መጋረጃው አጠገብ ቆሜ «ሹሩቅ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች፤ መጀመሪያ አንደኛውን፣ ከዚያ ሌላውን። ሳትዞር ወጣች፣ ደረጃውንም ወረደች።