የነአምን ምሳ ዕቃ

ሄሊኮፕተሩ ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፎቹን አጭዶ፣ ገደሉ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። አብራሪው ሻምበል ነአምን ከወንበሩ ሳይነሣ ነው የሞተው። ሊያወጣት የሄደላት ተማሪ ናዝራዊት ግን ተርፋለች፤ እግሯ ተሰብሮ ከቀረችበት የገደል ጠርዝ የአካባቢው ሰዎች በገመድ አወረዷት።

ኮሎኔል ሒሩት በሦስተኛው ቀን ሥፍራው ስትደርስ፣ ምርመራው ሳይጀመር የተረቀቀ ሪፖርት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። «የአብራሪ ስህተት» ይላል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ፣ ሙሉ ነዳጅ የጫነ ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ቆሞ ሰው መሳብ አይችልም፤ ሙሉ እንዲሞላለት ያዘዘው ደግሞ ራሱ ሟቹ ነው። የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

ሒሩት በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድ ነገር ተምራለች፤ ጥፋት እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከመቃብር ዝቅ ያለ ቦታ ደግሞ የለም።

የደን ጠባቂው ጋሽ ኢቲቻ በዱላቸው ወደ ጅረቱ አመለከቱ።

«ላሞቼ እስከ ዛሬ ከዚህ አይጠጡም፤ ነዳጁ ይሸታቸዋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው እንዴ የመጣው?»

«ሲወድቅ አይተውታል?»

«አየሁ እንጂ! ልጅቷ አናት ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ጭነት እንደ በዛባት አህያ አቃሰተ፣ ልጄ። እላይዋ ላይ ሊወርድ ሲል ወደ ዛፉ ጠመዘዘው።»

«ራሱ ነው የጠመዘዘው?»

«ራሱ ነዋ! እሷን ሊያተርፍ።»

የሟቹ ዕቃ በካኪ ከረጢት ታሽጎ ተቀምጦላት ነበር። የቆመ ሰዓት፤ በገዛ እጁ ጽሕፈት «ግማሽ» ያለበት የነዳጅ ማዘዣ ቅጂ፤ ምሳ ዕቃ። ምሳ ዕቃውን ከፈተችው። ሽሮ ፍትፍትና ቅቅል ድንች፣ ሻግቷል። አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ነው፤ የጾም ቀን አይደለም። ክዳኑን መልሳ ገጠመች፤ ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣም።

አብሮት በርሮ የተረፈውን ቴክኒሻን ዱቤን፣ የተሰበረ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ አገኘችው።

«ሙሉ መሆኑን እንዴት ሳታዩ ቀራችሁ?»

«መለኪያው ከተበላሸ ወር አልፎታል። መለዋወጫ ጠብቁ ተባልን፣ ጠበቅን። ወረቀት ነው የምናምነው። ሻምበል ለነፍስ አድን ተረኛ ሲሆን ሁሌም ‹ግማሽ› ብሎ ማታውኑ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ወደ ኦፕሬሽን ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ነዳጅ ቦቴው ይሄዳል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስንነሣ ከበደን። ‹ዱቤ፣ ዛሬ ስንት እንጀራ ነው የጠቀለልከው?› አለኝ። ከዚያ በሬዲዮ ‹ከብዶኛል› ሲል፣ ሻለቃ ብርሃነመስቀል ‹የእንጦጦ ንፋስ ነው፣ ቀጥል› አሉት።»

የቦቴው ሹፌር ሰላሙ ቆቡን በእጁ እያሻሸ መለሰላት። «እኔ ጋ የደረሰው ‹ሙሉ› የሚል ነው፤ የሻለቃ ፊርማ አለበት። ሙላ ሲሉኝ እሞላለሁ፣ ኮሎኔል። ሹፌር ምን ያውቃል?»

ሻለቃ ብርሃነመስቀል የኦፕሬሽን መኮንን ነው፤ የነአምንን ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጅም ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ከኋላው በተሰቀለው የበረራ ሰሌዳ ላይ የማክሰኞ ከሰዓት ረድፍ ተጠርጓል፤ «እንግዶች» የምትል ቃል ግን እንደ ጥላ ቀርታለች።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አለ። «ማታ ግማሽ ብሎ ጻፈ፤ እውነት ነው። ጠዋት መኮንኖች ክበብ ቁርስ ስንበላ ሐሳቡን ለወጠ። እንቁላል ፍርፍሩን እየጠቀለለ ‹አበልጄ፣ ዛሬስ ሙላው› አለኝ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።»

«ሌላ የሰማ አለ?»

«ሁለታችን ብቻ ነበርን። ነአምን ደፋር ነበር፤ ድፍረቱ ነው የገደለው።»

ሒሩት በዚያው ቀን የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ወጥታ ምሳ ዕቃውን ለሟቹ ሚስት ለሶሬቲ አስረከበች።

«ምሳውን ማን ነው የቋጠረለት?»

«እኔ።» ሶሬቲ ዕቃውን ደረቷ ላይ ያዘችው። «አባትህ በጥጋቡ ሞተ ብለው ለልጄ እንዳይነግሩት ነው የምፈራው፣ ኮሎኔል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሒሩት ስለ ሽሮው ጠየቀቻት። ሶሬቲ በዝቅተኛ ድምፅ መለሰችላት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ዱቤ፣ ሰላሙና ብርሃነመስቀል በሒሩት ጥሪ በሶሬቲ ሳሎን ተሰበሰቡ። የለቅሶው ፍራሽ ገና አልተነሣም። ብርሃነመስቀል እንደ ቤተ ዘመድ ከሶሬቲ ጎን ተቀመጠ።

«ሄሊኮፕተሩ ሙሉ ነበር» አለች ሒሩት። «የጋሽ ኢቲቻ ላሞች መስክረዋል። ነአምን ደግሞ ግማሽ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ቅጂው ኪሱ ውስጥ ነው የተገኘው። ሰላሙ እጁ ላይ የደረሰውን ፈጸመ። ዱቤም የተሰጠውን ወረቀት አመነ። ወረቀቱ የተለወጠው በሁለቱ መካከል ነው። እዚያ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ሻለቃ።»

«በቃል አዘዘኝ አልኩዎት እኮ! ቁርስ ላይ!»

«እንቁላል እየበላ።»

«አዎ፣ እንቁላል እየበላ!»

ሒሩት ወደ ሶሬቲ ዞረች።

«ነአምን ከመስከረም ሃያ ስድስት ጀምሮ ጽጌን ይጾም ነበር» አለች ሶሬቲ።

ብርሃነመስቀል ሊስቅ ሞከረ። «ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሳውቀው አንድም ጊዜ ጾሞት አያውቅም።»

«ዘንድሮ ጀመረ። ስለት ስለነበር ለማንም አልተናገረም። ማክሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዱ ነው የወጣው፤ የጾም ምሳውን እኔ ቋጠርኩለት።»

«እንቁላሉ ካልተበላ፣ እንቁላሉ ላይ የተሰጠው ትእዛዝም የለም» አለች ሒሩት። «ለከሰዓት እንግዶችን የሚያጓጉዝ በረራ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ነበር። ነዳጅ ለመሙላት እንዳይመለስ ከጠዋቱ አስሞሉት። የነፍስ አድን ጥሪ አይመጣም ብለው ነው። አራት ሰዓት ላይ ጥሪው መጣ። ‹ከብዶኛል› ሲልዎት ሬዲዮው በእጅዎ ነበር።»

ዱቤ ከመቀመጫው ተነሣ። «‹ንፋስ ነው› አሉን! እያወቁ!»

ብርሃነመስቀል ወለሉን እያየ ተናገረ። «የበላይ አለቃዬ እንግዶች ነበሩ። ማዕረጉ ሁለት ጊዜ አልፎኛል፤ ሦስተኛ ጊዜ እንዳያልፈኝ ብዬ... ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሬዲዮውን ሁሉም እየሰማ ነበር። ነአምን እኮ ሁልጊዜ ይወጣዋል፤ ይወጣዋል አልኩ።»

ሒሩት ከቦርሳዋ ረቂቁን አውጥታ «የአብራሪ ስህተት» የሚለውን ሰረዘች። ከላዩ ላይ «የኦፕሬሽን መኮንኑ ጥፋት» ብላ ጽፋ ለሶሬቲ ዘረጋችላት። ሶሬቲ ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ ብርሃነመስቀል ዞረች።

«ስለቱ ስለ ምን እንደነበር አይጠይቁኝም?»

ቀና አለ።

«ባለፈው ዓመት ማዕረጉ ሲያልፍዎት እዚሁ ፍራሹ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ትዝ ይልዎታል? ‹ለአበልጄ ማዕረጉን ካሰጠሽልኝ ጽጌሽን እጾማለሁ› ብሎ ለእንጦጦ ማርያም ተሳለ። ‹ገና ሳይሰጥ?› ስለው ‹እኔ ቀድሜ ልክፈላት፣ ትፈር› ብሎ ሳቀ።»

 ብርሃነመስቀል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አበልጄ...»

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስም አይጥሩኝ።»

ከፊቱ የነበረውን ያልተነካ ብርጭቆ አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። ተመልሳ ስትወጣ የታጠበ ምሳ ዕቃ በእጇ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ፣ ከነአምን ፎቶግራፍ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጽጌ የሚፈታበት ቁስቋም ሳምንት ቀርቶታል» አለች፣ ለሒሩት ብቻ። «ነአምን የጀመረውን ሳይጨርስ የሚተው ሰው አልነበረም። የቀረውን እኔ እጾምለታለሁ።» ብርሃነመስቀል የወጣበትን በር እያየች ጨመረች። «ለእሳቸው አይደለም።»