ከአሮጌው ጂፕ ሥር

ኮልበይን ቅዳሜ ቀትር ላይ በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ ጂፑ ሥር ተጨፍልቆ ሞቶ ተገኘ። ጂፑ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ነገር ክላክሱና የኋላ በሩ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሌላውን ሁሉ ኮልበይን ቆርጦ፣ በይዶ፣ ከፍ አድርጎ፣ የልጅ ቁመት የሚያህል ጎማ አጥልቆለታል። በአይስላንዷ የአኩሬይሪ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ጤነኛ ነው፤ ሰፈሩን የሚያሳስበው ጂፑን እንደገዛው የሚነዳው ነው።

መርማሪዋ ስቫላ ስትደርስ አስከሬኑን ከሥር አውጥተው ሸፍነውታል። የአምቡላንሱ ሰው በሩ ላይ ጠበቃት።

«ክሪኩ ወርዷል» አላት። «የፈታው ጎማ ደግሞ እዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው የፈታውን ጎማ ሻንሲው ሥር ያስተኛል፤ ክሪኩ ቢከዳው ጎማው ይይዝለታል።»

«ረስቶ ይሆን?»

«ኮልበይን? የገዛ ስሙን ሊረሳ ይችላል፤ ይህን ግን አይረሳም። ለዚህ ነው ሰው ራሱን ገደለ የሚለው።»

«ማን ጠራችሁ?»

«ጓደኛው ኬትል። በካልሲ በረዶው ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ነው የተቀበለን። አንጀቴን በላው።»

ስቫላ ጋራዡን ቃኘች። ወለሉ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከሥሩ ፍል ውሃ እያለፈ ያሞቀዋል። ከአምቡላንስ ሠራተኞቹ ጭቃማ ዱካ በቀር እድፍ የለበትም። አስከሬኑ ያለው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። በሩ አጠገብ መደርደሪያው ላይ የኬትል ቦት ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ረጅሙ ማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጠረጴዛው ላይ የተሰበረ አሮጌ የመሪ ዘንግ ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ ብየዳው ገና የሚያብረቀርቅ አዲስ ዘንግ።

የኮልበይን ሚስት ራግና ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«በምን?»

«በአፌ። ወንድሜ አሪ በዚያ ጂፕ ነው የሞተው፤ ሦስት ዓመት ሆነው። በረዶ ተራራው ላይ መሪው ከብየዳው ተበጠሰ። ኮልበይን ብየዳው የራሱ ሥራ እንደሆነ አመነ፤ እኔም አመንኩ። ዘንድሮ ጂፑን እንደገና ሲፈታ ሳየው አበድኩ። ትናንት ‹አሪን በገደለው እጅህ አትንካኝ› አልኩት። ስቫላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በኔ ቃል ነው የሞተው?»

«ገና አላውቅም» አለች ስቫላ። ለማጽናናት መዋሸት አትችልበትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የግራኝ መቀስ አየች። «ኮልበይን ግራኝ ነበር?»

«አዎ። ምነው?»

«ከሱ ሌላ ጂፑን የሚነካው ማን ነበር?»

«ኬትል ብቻ። አሪ ከሞተ ወዲህ እንኳ በየሳምንቱ እየመጣ ሲያጽናናኝ የኖረ እሱ ነው።»

ጎረቤቱ ስኖሪ በእሑድ የብረት መፍጫ ጩኸት የተነሳ ኮልበይንን እንደሚገድለው ለከተማው ሁሉ ሲያውጅ የኖረ ሰው ነው። ስቫላ ያገኘችው በሕዝብ መዋኛው ሙቅ ገንዳ ውስጥ፣ እስከ አንገቱ ተነክሮ ነበር። ካፖርቷን እንደለበሰች ጠርዙ ላይ ተቀመጠች።

«ነፍሰ ገዳይ ነኝ አይደል?» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ጣቶቼን እያቸው፣ ዘቢብ መስለዋል።»

«ሰዎቹም አይተውሃል። እኔ የመጣሁት ስለ ኮልበይን ልጠይቅህ ነው።»

«ትናንት እዚሁ ሲስቅ አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ! ‹ስኖሪ፣ እኔ አይደለሁም› አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም።» ከዚያ ፊቱን በውሃ አበሰ። «አሁን እሑድ እሑድ ከማን ጋር ነው የምጣላው?»

ስቫላ ስታነጋግረው ኬትል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«በሩን ስከፍት እግሩን አየሁ። ዘልዬ ገባሁ። ክሪኩን ላነሳ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ። ሮጬ ወጥቼ ደወልኩ።»

«በሩ ላይ ምንም ሳትቆም?»

«ምን ነካሽ? ጓደኛዬ ብረት ተጭኖት ምን ያስቆመኛል!»

በማግስቱ ስቫላ ራግናን፣ ስኖሪንና ኬትልን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ማንም ሳያዛቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«አያችሁ?» አለች ስቫላ። «ሰው ቤት ስንገባ እናወልቃለን። የአምቡላንሱ ሠራተኞች ግን አላወለቁም፤ ሰው ሊያድኑ ነበር የገቡት። ኬትል፣ አንተ እግሩን ከበሩ አይተህ ዘለልኩ ብለሃል። ቦትህ ግን ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ታጥፎ፣ ተስተካክሎ ነበር የተቀመጠው።»

«ልማድ ነው! ሳላስበው…»

«ልማድማ ነው። የእንግዳ ልማድ። ስትገባ ኮልበይን በሕይወት ነበር።»

የተሰበረውን ዘንግ አነሳች። «ብየዳ እንደ እጅ ጽሕፈት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው አዲሱ የኮልበይን ነው፤ የብየዳው ሞገድ እንደ ግራኝ ሥራ ያጋድላል። በእጄ ያለው፣ አሪን የገደለው ብየዳ የሚያጋድለው ግን በተቃራኒው ነው። ከኮልበይን ሌላ ጂፑን የሚነካ፣ በቀኝ እጁ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኮልበይን ‹እኔ አይደለሁም› ያለው ይህን አይቶ ነው። ደስ ብሎት ውሎ ራሱን አልገደለም፣ ራግና። ጎማውን ከሻንሲው ሥር ያወጣው የሚያምነው ሰው ነው።»

ኬትል ዘንጉን ከእጇ ተቀብሎ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ።

«ከተራራው ጉዞ በፊት ላጠነክረው ብዬ እንደገና በየድኩት» አለ። «ከዚያ ኮልበይን ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲወስድ ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሆነ። ትናንት ጠርቶ ዘንጉን አሳየኝ። ጎማው አጥብቦብሃል፣ ላርቅልህ አልኩት። እሺ አለኝ። ከዚያ ክሪኩን ለቀቅኩት። አንቺ ካወቅሽ በኋላ ዓይንሽን ማየት አልችልም ብዬ ነው፣ ራግና።»

«እሱ ራሱ ቀድሞ ለምን አልነገረኝም?» አለች ራግና።

«አንተው ንገራት አለኝ። ካንተ አፍ ከሰማችው ይቅር ትልሃለች አለኝ።»

«ሌላስ?»

ኬትል ወለል ወለሉን አየ። «‹ንገራት፤ ከዚያ ሦስታችን እራት እንበላለን› አለኝ።»

ራግና ወደ እሱ ቀረበች።

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?» አለች።