ከአቡጀዲው ጀርባ

«እጅህን በቀዳዳው አሳይ!» አለ ከበሩ ወዲያ አንድ የጎረምሳ ድምፅ። «ሁለቱንም!»

የፖሊሱ መቶ አለቃ ወልደአረጋይ ብርድ አይወድም፤ ሲበርደው ደግሞ ነገረኛ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ጉሙ መኪናውን አስቁሞበት የቀረውን በእግሩ እየተደናበረ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ ለፍቶ እጅ አሳይ መባሉ ቢያንገበግበውም፣ የመጣው ለሬሳ ነውና ጓንቱን አውልቆ እጆቹን በቀዳዳው ሰደደ። አገላብጠው አዩለት። ካስገቡት በኋላ በሩ ላይ ወዲያው ግንድ ተጋደመ።

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ዘጠና ይሆናሉ። ሁሉም ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ በትር ይዘው አዳራሹ ውስጥ ታፍገዋል። የሚመራቸው ገብረ ሕይወት የሚባል የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ነገሩን የተረከለትም እሱ ነው።

ትናንት ማምሻውን ተዘዋዋሪው ሲኒማ አሳዪ ሰላሀዲን ፊልም አምጥቶላቸው ነበር። ከኮከብ የመጡ ፍጡራን አንድ ትምህርት ቤት ገብተው መምህሩንም ተማሪውንም እንደ ልብስ ይለብሱታል። የመጀመሪያዋ የምትመጣው ዝምተኛ አዲስ ተማሪ መስላ ነው፤ ሰውን የሚይዙትም ብቻውን ሲያገኙት ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መምህር ገብረአብ እንደ ልማዳቸው በቆርቆሮ ድምፅ ማጉያ ይተረጉሙ ነበር፤ ጥላቸው ምስሉን እንዳይጋርድ ለፊልሙ ከተሰቀለው አቡጀዲ ጀርባ ቆመው። ትርጉሙ አልቆ፣ የመዝጊያው ሙዚቃም አብቅቶ ፋኖስ ሲበራ መምህሩ እዚያው ተደፍተው ተገኙ። ራስ ቅላቸው በጓሮ በሩ መቀርቀሪያ ብረት ተፈልጧል። አጠገባቸው የቆመችው ዙቤዳ ነበረች፤ የአሊዩ አምባው ነጋዴ የረሺድ ልጅ፣ ዘንድሮ የገባች፣ ቃል የማይወጣት ልጅ።

«አዲስ ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ብቻቸውን አገኘቻቸው» አለ ገብረ ሕይወት። «ጠመኔ ማስቀመጫው ክፍል ከተን በሩን በሚስማር መትተናል። ጉሙ ሲገፈፍ ወደ ገደሉ እንወስዳታለን። ፍጡሩ የሚሞተው ከከፍታ ሲወድቅ ነው፣ ጌታዬ።»

ወልደአረጋይ በዓይኑ ቆጠረ። ዘጠና በትር ነው፣ አንድ ሽጉጥ። እነዚህ ልጆች ክፉ አይደሉም፤ ፈርተዋል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ከክፉ ይብሳል። ከትናንት ወዲህ አጥር ዘሎ ፖሊስ ከጠራው ዘበኛ በቀር ከግቢው የወጣ የለም። ብቻውን መሆን ተከልክሏል፤ ሽንት ቤት እንኳ በሦስት በሦስት ነው የሚኬደው፣ ዳይሬክተሩም ጭምር።

ዳይሬክተሩ አቶ ወልደ ሰንበት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ሌሎቹ መምህራን ለእሑድ ወደ ደብረ ብርሃን ስለሄዱ የቀሩት እሳቸውና ሟቹ ብቻ ነበሩ። ፊልሙን ሙሉውን ዋናው በር ላይ ቆመው እንዳዩ፣ ፋኖስ ሲበራም እዚያው እንደነበሩ ነገሩት። ሲበራ በሩ ላይ ያያቸው ብዙ ነው።

«ፍጡሩ የቀኝ እጁን ጓንት ሲያወልቅ፣ ያ ቅርፊታም እጅ ብቅ ሲል፣ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ» አሉ። «ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ልብ የላቸውም። ልጅቷን ቶሎ ይዘውልኝ ይሂዱ።»

ሰላሀዲን በበኩሉ ከሟቹ ጋር በትርጉሙ ነገር መጨቃጨቁን አልካደም። ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ሁለት ተማሪዎች ባትሪ እያበሩለት ከጎኑ ነበሩ። «ወላሂ ከማሽኔ ስንዝር አልራቅኩም» አለ፤ ልጆቹም መሰከሩለት።

ወልደአረጋይ ወደ ገብረ ሕይወት ተመለሰ። ፍጡር መግባቱን መቼ ጠረጠራችሁ ቢለው ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የፊልሙ ሁለተኛ ጥቅል ካለቀ በኋላ ፍጡሩ መምህራችን ላይ ገባ። ነገራቸው ሁሉ ተገለበጠ። ፊልሙ ላይ ያሉት ልጆች ወደ ግራ ሲሮጡ እሳቸው ወደ ቀኝ ሮጡ ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አጋጥሟቸው አያውቅም።»

መቶ አለቃው ጠመኔ ክፍሉ በር ላይ ሄዶ በስንጥቁ አነጋገራት።

«መምህር ገብረአብ ፊልሙ ሲያልቅ ከጀርባ ነይ ብለውኝ ነበር» አለች ዙቤዳ። «አዲስ አበባ የሚያስገባውን ፈተና ወድቀሻል ተብዬ ነበር። ያለፈው የዳይሬክተሩ የእህት ልጅ ነው። መምህሩ ግን ወረቀትሽን አግኝቼዋለሁ፣ ዛሬ በእጅሽ እሰጥሻለሁ አሉኝ።»

«ስትደርሺ ነክተሻቸዋል?»

«ላነሳቸው ብዬ። ደሙ ረግቶ ነበር።»

መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ሁሉም ተሰበሰበ። ወልደአረጋይ ሰላሀዲንን ጓንት የሚወልቅበትን ቦታ እንዲያሳይ አዞ ራሱ ከአቡጀዲው ጀርባ ቆመ።

«የቀኝ እጁ ነው!» አለ ከዚያ።

«ግራ ነው!» አሉ ዘጠናው በአንድ አፍ።

ወጥቶ ፊታቸው ቆመ። «ከጀርባ ለሚያይ ምስሉ ይገለበጣል። መምህር ገብረአብ ስለለመዱት ገልብጠው ነበር የሚነግሯችሁ። ደሙ የረጋው ቀደም ብለው ስለሞቱ ነው። ልጆች፣ ልክ ናችሁ። ከሁለተኛው ጥቅል በኋላ የሰማችሁት መምህራችሁን አይደለም። ድምፁ ቢቋረጥ ሰው ይመጣ ነበር፤ ስለዚህ ገዳዩ የሰውን ድምፅ የሚለውጠውን ቆርቆሮ አንስቶ በእሳቸው ቦታ ተረጎመ። በሙዚቃው ሰዓት በጓሮ በር ወጥቶ በጉሙ ውስጥ ዞሮ ዋናው በር ላይ ቆመ። ለመሆኑ ድምፁ የትኛው እጅ እንደሆነ ነግሯችኋል?»

«እጁን እዩ ብቻ ነው ያለው» አለ ገብረ ሕይወት።

«አቶ ወልደ ሰንበት፣ እርስዎ ግን ቀኝ አሉኝ። ከዋናው በር የሚታየው ግራ ነው።»

«አፌን ወለም ብሎኝ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ይሆናል። ግን ከገደሉበት ሰዓት ጀምሮ፣ በጉሙ ከዞሩባት ቅጽበት በቀር፣ ፋታ አላገኙም። መጀመሪያ መተርጎም ነበረብዎ፣ ከዚያ እነዚህ ልጆች ሽንት ቤት ድረስ ተከተሉዎት። ከሟቹ የወሰዱት ወረቀት ካለ ማቃጠያ ጊዜ አላገኙም። እስቲ ካፖርትዎን ያውልቁልኝ።»

ዳይሬክተሩ በሩን አዩ። በሩ ላይ ግንድ ተጋድሟል፣ በትር ተደርድሯል። ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ የዙቤዳ የፈተና ወረቀት ወጣ፤ ስሟ ተፍቆ የእህታቸው ልጅ ስም ተጽፎበታል። አንዱ ተማሪ በትር ሲያነሳ ወልደአረጋይ መሀል ገባና ዛሬ እዚህ ግቢ ሰው አይመታም አለው። ልጁ እያለቀሰ በትሩን መሬት ላይ ወረወረው።

ሚስማሩን የነቀለው ገብረ ሕይወት ራሱ ነው። በሩ ተከፍቶ ሁሉም ቢጠብቁም ዙቤዳ አልወጣችም።

«መጀመሪያ» አለች ከጨለማው ውስጥ፣ «እጃችሁን አሳዩኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዘጠናውም እጃቸውን ዘረጉ፤ ወልደአረጋይም ጭምር። አንድ በአንድ ካየች በኋላ ወጥታ ወረቀቷን ተቀበለች።